በጆንያ የታሰሩ ዘመዶች

ያን ቅዳሜ ናይሮቢ ውስጥ ሳውዝ ሲ ወደሚባለው ሰፈር የሄድኩት በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ለልጆች አማርኛ ላስተምር እንጂ ከማንም ጋር ልከራከር አልነበረም። ከፓርክላንድስ ተነስቼ፣ ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ ቀያይሬ ስደርስ የኅዳር ዝናብ ገና ማባራቱ ነው። መንገዱ ጭቃ፣ ዳር ዳሩ ኩሬ ሆኗል። ወደ አዳራሹ የሚወስደውን ቅያስ እንደታጠፍኩ፣ እዚህ አገር ምኮኮቴኒ የሚሉት የእጅ ጋሪ አንድ ጎማው ቦይ ውስጥ ገብቶ፣ የተጫነው ጆንያና ሳንዱቅ መሬት ላይ ተዘርግፎ አገኘሁ። ባለጋሪው ጎማውን ለማውጣት ይታገላል። ኮት የለበሱ ሽማግሌ ጭቃው ላይ ተንበርክከው፣ ከተፈታ ጆንያ የወጡ ፎቶግራፎችን እየለቀሙ በመሐረባቸው ይጠርጋሉ። አጠገባቸው ያለች ወጣት ግን አትለቅምም፤ እጇን አጣምራ በቁጣ ታያቸዋለች።

ሽማግሌውን አውቃቸዋለሁ። ጋሽ ዘርይሁን ይባላሉ። በስደት ናይሮቢ ገብተው እዚሁ ያረጁ፣ ሚስታቸውን እዚሁ የቀበሩ፣ በቤተ ክርስቲያናችን በሽማግሌነት የሚያገለግሉ የተከበሩ ሰው ናቸው። ወጣቷ ልጃቸው ርብቃ ናት። እዚህ ተወልዳ፣ በዩኒቨርሲቲ የመዝገብ አያያዝ ተምራ፣ ከተማ ውስጥ መሥሪያ ቤት ትሠራለች። የነበሩበት ቤት ሊታደስ ስለሆነ ወደ ቀጣዩ መንገድ ቤት እየቀየሩ ነበር።

ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አጥብቄ መልቀም ጀመርኩ።

«ኧረ መምህር ሱራፌል! ልብስዎ ይበላሻል፤ ይተዉት፣ በጌታ» አሉኝ ጋሽ ዘርይሁን።

«ልብስ ይታጠባል፤ ይህ ግን አይታጠብም» አልኳቸውና ያነሳሁትን ፎቶግራፍ አየሁት። ባርኔጣ ያደረገ ጎልማሳ፣ ጎኑ ሁለት ሴቶች ቆመዋል። «ይህ ባለባርኔጣ ማን ናቸው?»

«እሱ እንኳ... የአባቴ ወገን ይመስለኛል። እናቴ ታውቀዋለች።»

«ሴቶቹስ?»

«እነሱንም እናቴ ታውቃቸዋለች።»

ርብቃ ይህን ጊዜ አልቻለችም፤ ወደ እኔ ዞረች። «ሁሌ ይኸው ነው ጋሼ! ሁሉንም እናቴ ታውቃለች! አባዬ፣ አንድ ቀን ጠይቀሃት ታውቃለህ?»

«ልጄ፣ መንገድ ላይ ነን» አሏት ቀስ ብለው።

«መንገድ ላይ የበተንከው አንተ ነህ፤ እኔ አይደለሁም።»

ጋሽ ዘርይሁን ፎቶግራፎቹን ጆንያው ውስጥ መለሱ። ጆንያውን አስረው ጋሪው ላይ ጫኑ። የትምህርቱ ሰዓት ገና ነበርና እኔም እየገፋሁ አብሬያቸው ወደ አዲሱ ቤት ሄድኩ።

እዚያ ስገባ ያየሁት ነገር አናደደኝ፤ እውነቱን ልናገር። የመጀመሪያዎቹ ጋሪዎች ዕቃ ቀድሞ ደርሶ፣ አንደኛው መኝታ ክፍል እስከ ጣሪያው ጆንያ፣ ካርቶንና ሳንዱቅ ብቻ ሆኗል። ክፍሉ የረጠበ አቡጀዲና የአይጥ ሽታ ይሸታል። የጋሽ ዘርይሁን እናት እማማ ሙሉሸዋ ሳሎን ውስጥ በካርቶን ግድግዳ መሐል አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እኚህ እናት አምና በቀድሞው ቤት፣ መተላለፊያ ላይ በተቀመጠ ጆንያ ተደናቅፈው ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ፣ ከዚያ ወዲህ ያለ ምርኩዝ አይሄዱም። የገዛ ቤተሰባቸው ታሪክ ጠልፎ ጣላቸው ማለት ነው። ሰው ከዚህ በኋላ እንኳ አይማርም?

«አየህ አባዬ» አለች ርብቃ እጇን ወደ ክፍሉ ዘርግታ፣ «አንድ ክፍል ለጆንያ። አንድ ክፍል ለእማማና ለእኔ። አንተ ሶፋ ላይ ትተኛለህ። ሲሪየስሊ፣ ይህ ቤት የሰው ነው ወይስ የጆንያ?»

«የሰው ነው» አሉ ጋሽ ዘርይሁን ኮስተር ብለው፤ «እዚያ ውስጥ ያሉትም ሰዎች ናቸው። አያቶችሽ ናቸው፣ አጎቶችሽ ናቸው፣ እናትሽ ናት። አባቶቻችንን ሜዳ ላይ ጥለን መጣን፤ የተረፈንን ደግሞ ለቆሻሻ መኪና እንስጥ ነው የምትይው?»

«ጣል አላልኩህም! ለይ ነው ያልኩህ። እዚህ ውስጥ እናቴ አለች ትላለህ፤ አዎ፣ አለች። ከፈረሰ ቤት የመብራት ሒሳብ ጋር፣ የማን እንደሆነ ከማይታወቅ የተበላ ጫማ ጋር፣ ከተሰበረ ራዲዮ ጋር ተቀላቅላ አለች። የሠርጓን ፎቶ ፈልጌ አጥቼዋለሁ። የምትወደውን ሰው ከጉድፍ ጋር አንድ ጆንያ ውስጥ አስረህ አከበርኩት አትበል!»

«ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፤ እማዬ ትሰማለች።»

«ትስማ! የእሷ ነገር አይደል እንዴ?»

ጋሽ ዘርይሁን ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ እርስዎ አስተዋይ ሰው ነዎት፤ ይፍረዱ። እናቴ በሕይወት አለች። ሳንዱቁ የእሷ ነው። ሰው በቁሙ ሳለ ሳንዱቁን ገልብጦ ይህ ለዚህ፣ ያ ለዚያ ማለት ሟርት አይደለም? ‹በቁሜ ልትካፈሉኝ ነው› ብትለኝ በምን አፌ እመልሳለሁ? በአገራችን የሰው ዕቃ የሚከፈተው ከዐርባው በኋላ ነው። እኛ ጴንጤ ሆነን ተዝካሩን ብንተው፣ ወጉን አልተውንም።»

አነጋገራቸው ጨዋ ነበር፤ እናታቸውንም በእውነት ይወዳሉ። ያናደደኝም ይኸው ነው። ስንት ቤት ውስጥ ይህን ፍቅር አይቻለሁ! ሁርሊንግሃም ባሉ ቤቶች፣ ፓርክላንድስ ባሉ አፓርታማዎች፣ ከአልጋ ሥር የተሸጎጠ ሻንጣ የሌለው ሐበሻ የለም። «ምንድን ነው?» ሲባል «የቤተሰብ ነው፤ አይነካም» ይባላል። አይነካም ማለት አይጠየቅም፣ አይታይም፣ አይታወቅም ማለት ሆኗል። ማከማቸትን መጠበቅ አድርገን ራሳችንን እናታልላለን።

«ጋሽ ዘርይሁን» አልኳቸው፣ «ካልተቀየሙኝ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። መቃብር ላይ ስም የሚጻፈው ለምንድን ነው?»

«የተቀበረው ማን እንደሆነ እንዲታወቅ ነዋ።»

«እንግዲያውስ ያ ባለባርኔጣ ሰው ከሙት ያነሰ ሆኗል። ሙት እንኳ ስሙ መቃብሩ ላይ ይጻፍለታል። እሱን ግን እርስዎ አያውቁትም፤ ርብቃ አታውቀውም፤ የርብቃ ልጆች ደግሞ ጭራሽ ‹ይህ ማነው?› ብለው ይጥሉታል። የሚያውቁት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውን ደግሞ ‹ሟርት ነው› ብላችሁ አትጠይቋቸውም።»

ጋሽ ዘርይሁን ፊታቸው ቀላ። «አልጠበቅኩም ነው የምትሉኝ ሁለታችሁም? ቆዩ!» አሉና ክፍሉ ውስጥ ገብተው ጆንያ መፍታት ጀመሩ። ሲያንኳኩ፣ ሲያስነጥሱ ቆይተው አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ይዘው ወጡ። «ይህ የወንድሜ የመኳንንት ድምፅ ነው። እኔ እዚህ ስደተኛ ሆኜ እሱ ድሬዳዋ ሳለ፣ በደብዳቤ ፈንታ በካሴት እየቀዳ ይልክልኝ ነበር። እየሳቀ፣ እያንጎራጎረ፣ የሰፈሩን ወሬ እያወራ። ከሞተ ወዲህ ለመስማት አንጀቴ አልቻለም። ግን ማን ጠበቀው? እኔ!»

ቆርቆሮውን ከፈቱት።

አይጥ ከጎን በኩል ዝገቱን በልታ ገብታ ጎጆ ሠርታበት ነበር። ካሴቶቹ በነጭ ሻጋታ ተሸፍነዋል። ጋሽ ዘርይሁን አንዱን አንስተው ሊጠርጉት ሲሞክሩ ቀጭኑ ክር ጣታቸው ላይ ተጣብቆ እንደ አሮጌ ቅጠል ብጥስጥስ አለ። ሌላውን አነሱ፤ ያም እንደዚያው። ቆርቆሮውን ከነካሴቶቹ ካርቶን ላይ አኖሩት።

«አይጥ!» አሉ በመጨረሻ። «ይቺ የተረገመች አይጥ!»

«አይጥ አይደለችም አባዬ» አለች ርብቃ። እንባዋ እየወረደ ነበር፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም። «አንተ ነህ። በቀላሉ ወደ ስልክ መገልበጥ እንችል ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ለመንኩህ። የአጎቴን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም፤ ከዛሬ ወዲያም አልሰማውም።»

«ውጪልኝ ከፊቴ!» ብለው ጮኹ። እኚያን ዝምተኛ ሰው ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ይህን ጊዜ እማማ ሙሉሸዋ በምርኩዛቸው ወለሉን መቱት።

«እሷ የትም አትወጣም! አንተ ቁጭ በል!»

ጋሽ ዘርይሁን ካርቶን ላይ ተቀመጡ። እማማ አንድ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ በሌላው ግን ልጃቸውን አፍጥጠው አዩዋቸው።

«ማነው ሳንዱቄ ሲከፈት እሞታለሁ ብሎ የነገረህ? እኔ ነኝ?»

«እማዬ፣ እንዳይከፋሽ ብዬ እኮ...»

«ከፋኝ እኮ! ስንት ዘመኔ ነው ሲከፋኝ! ሞቴን ፈርታችሁ ስለ ሕይወቴ ሳትጠይቁኝ ቀራችሁ። ሌሊት እንቅልፍ ሲነሳኝ የእነዚያን ሰዎች ስም ለብቻዬ እቆጥራለሁ፤ እንዳይጠፉኝ። ከእገሌ እገሌ ተወለደ፣ እገሊትን እገሌ አገባት እያልኩ። በቀደም የአክስትህን የበኩር ልጅ ስም ብፈልገው፣ ብፈልገው አጣሁት። አባብዬ ያሳደግኩት ልጅ! ለማን ልንገር? ‹እማዬ አትድከሚ፣ እማዬ አትጨነቂ› ትሉኛላችሁ። ይሄን ጆንያ የቆለልከው ለእኔ ነው? ለእኔስ ከሆነ አንዱን ፈትተህ ጭኔ ላይ አኑርልኝ!»

ደጅ ባለጋሪው ቀሪውን ሳንዱቅ ሲያወርድ ይሰማል። ጋሽ ዘርይሁን ከካርቶኑ ላይ ተነሱ፤ ጭቃ የነካውን ጆንያ ጎትተው አምጥተው እናታቸው እግር ሥር ፈቱት።

«ጠይቄሽ አላውቅም፣ እማዬ» አሉ።

«እንግዲህ ጠይቅ።»

ሥራው በዚያው ቀን ተጀመረ። እኔም ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ከትምህርቱ ስወጣ ጎራ እል ነበር። ርብቃ የሥራዋ ሰው ናትና ሥርዓት አበጀች። እማማ አንድ ፎቶግራፍ ተቀብለው ወደ ደህናው ዓይናቸው ያስጠጋሉ፤ የርብቃ ስልክ ድምፃቸውን ይቀዳል፤ ጋሽ ዘርይሁን ደግሞ ስሙን፣ ቦታውንና የማን ወገን እንደሆነ በስሱ እርሳስ ከጀርባው ይጽፋሉ። እስክሪብቶ ክልክል ነው፤ ቀለሙ ወደ ፊቱ ያልፋልና። ከዚያ ፎቶው በስልክ ይነሳና ክዳን ባለው ደረቅ ሳጥን ውስጥ ይገባል። የሌላ ሰው የሆነ ለባለቤቱ እንዲላክ ይለያል። የማይረባው ይጣላል፤ ከመጣሉ በፊት ግን እማማ ማየት አለባቸው።

አስቂኙ ነገር፣ ከሁሉ ይልቅ ለመጣል የጨከኑት እማማ ሆኑ። «ይሄን ጫማ ማነው ያስቀመጠው?» አሉ አንድ ቀን፣ ጋሽ ዘርይሁን እንደ ታቦት አቅፈው ያመጡትን የተሸበሸበ ጫማ አይተው።

«የአባቴ ነው እማዬ! የአባቴ የእግር ልክ ነው!»

«አባትህ ይጠላው ነበር፤ ይልጠኛል እያለ። ጣለው! ከፈለግክ ጫማውን ሳይሆን ይልጠኛል ማለቱን ጻፈው።»

ጋሽ ዘርይሁን ግን በአንድ ጊዜ አልተለወጡም። ርብቃ የጣለችውን የተሰነጠቀ ፋኖስ ከቆሻሻው ከረጢት መዝዘው አውጥተው ኮታቸው ሥር ሲደብቁ ራሴ አይቻቸዋለሁ። «ይቆይ፣ እስኪ ለጊዜው» አሉኝ አፍረው። የተናደዱባትን ልጃቸውንም ገና በሙሉ ልብ ልክ ነሽ አላሏትም ነበር። ይህን ያሏት የቀመሪያ ፎቶግራፍ ከተገኘ በኋላ ነው።

አንድ ቅዳሜ እማማ አንድ የስቱዲዮ ፎቶግራፍ ወደ ደህናው ዓይናቸው አስጠጉ። የፏፏቴ ሥዕል ካለበት መጋረጃ ፊት ለፊት ሁለት ወጣት ሴቶች ተያይዘው ቆመዋል። አንዷ ራሳቸው እማማ ናቸው። ሌላዋ ሻሽዋን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ ልትስቅ ስትል ጥርሷ ብቅ ብሏል።

«ቀመሪያ ናት» አሉ። «ድሬዳዋ አጥር ለአጥር ጎረቤቴ። ባሏ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ዘርይሁን፣ አንተን ስወልድ ያረሰችኝ እሷ ናት፤ እናቴ ሩቅ ነበረችና። እሷ ብዙ ዘመን ልጅ አጥታ ቆይታ በስተመጨረሻ አንዲት ሴት ልጅ ወለደች፤ ብዙም ሳትቆይ ታማ ሞተች። ልጅቷን አክስቷ ይዛት ወደ ሶማሌ አገር ተሻገረች ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ ወሬዋ ጠፋ።»

ጋሽ ዘርይሁን የተባለውን ከፎቶው ጀርባ ጻፉ። ጽፈው ሲጨርሱ እርሳሱን እንደያዙ ቀሩ። «ዘሀራ» አሉ ለራሳቸው።

ዘሀራ በሳውዝ ሲ ቅመማ ቅመምና የሻይ ቅጠል የምትሸጥ ባለሱቅ ናት። ስንቶቻችን ደንበኞቿ ነን። የድሬ ልጅ መሆኗን፣ እናቷ በልጅነቷ እንደሞተችባትና አክስቷ እንዳሳደገቻት በጨዋታ መሐል ነግራናለች፤ ነገር ግን የእናቷን ስም የጠየቃት ማንም አልነበረም። በማግስቱ ከጸሎት በኋላ ጋሽ ዘርይሁን ፎቶግራፉን በፖስታ አድርገው፣ እኔን አስከትለው ወደ ሱቋ ሄዱ።

«ዘሀራ፣ እናትሽ ማን ትባል ነበር?» አሏት ገና ሰላምታው ሳያልቅ።

«ቀመሪያ። ምነው ጋሽ ዘርይሁን?»

ፎቶግራፉን ባንኮኒው ላይ አኖሩላት። «ከእናቴ ጋር ናት» አሉ።

ዘሀራ አልነካችውም። መጀመሪያ ፎቶውን፣ ቀጥላ እሳቸውን አየች። ይህች ሴት ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ፊቷ በቁጣ ተለዋወጠ።

«የት ነበር ይሄ?»

«ቤት። ጆንያ ውስጥ።»

«ቤት!» አለች። «እዚህ ሁለት መንገድ ማዶ? ጋሽ ዘርይሁን፣ ይህን ሱቅ ከከፈትኩ ጀምሮ በርበሬ ከእኔ ነው የሚወስዱት! እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሻዬን ጠጥተዋል! ልጆቼ ‹አያታችን ማንን ትመስል ነበር?› ሲሉኝ፣ ምን እንደምላቸው ያውቃሉ? እዋሻቸዋለሁ! ረጅም ነበረች እላቸዋለሁ፤ ቀይ ነበረች እላቸዋለሁ። ፊቷን አላስታውሰውማ! በረመዳን ዱዓ ሳደርግላት እንኳ ፊት የለኝም! እርስዎ ግን እናቴን ጆንያ ውስጥ አስረው አኑረዋታል!»

ጋሽ ዘርይሁን ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመው ሰሙ። አንድም ማመካኛ አላቀረቡም።

«እውነትሽን ነው» አሏት። «እኔ ጠበቅኩ ስል አሰርኳት። ይቅር በይኝ፤ ውሰጃት፣ ያንቺ ናት።»

«ዋናውን ነው?»

«ዋናውን። ለእኛ ግልባጩ ይበቃናል። አንቺ ሌላ የለሽም።»

ዘሀራ እጇን በልብሷ ጠርጋ ፎቶውን አነሳችው። ብዙ አየችው። ከዚያ እጇን ወደ አፏ ወስዳ የፊት ጥርሷን ነካች፤ እንደ እናቷ ጥርስ ወጣ ያለውን። ሱቁን ዘግታ አብራን መጣች። እማማ ሙሉሸዋ ፊቷን በሁለት እጃቸው ዳሰው «አንቺ የቀመሪያ!» ብለው ጮኹ፤ ስለ እናቷም እስኪመሽ ነገሯት፤ ቀመሪያ እንዴት እንደምትስቅ፣ በምን እንደምትቆጣ፣ አራስ ስትጠይቅ ምን ይዛ እንደምትመጣ። ጋሽ ዘርይሁን ግን እዚያ አልተቀመጡም። ሁለት ከረጢት ይዘው ወደ ክፍሉ ገቡ። የደበቁትን ፋኖስ ራሳቸው አውጥተው ጣሉት። ርብቃን ጠርተው «ልጄ፣ አንቺ ልክ ነበርሽ፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ሲሏት ሰማሁ። እሷም «ፖሌ ባባ» አለቻቸው፤ አይዞህ ማለቷ ነው፤ እቅፍ አደረገቻቸው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጋሽ ዘርይሁን በእሑድ አምልኮ ላይ ምስክርነት ጠየቁ። እኚያ ለስለስ ብለው የሚናገሩ ሰው ያን ቀን ተቆጥተው ተናገሩ።

«ወገኖቼ» አሉ፣ «እኔ ሞኝ ሽማግሌ ነበርኩ፤ እናንተም ሞኞች ናችሁ! ዛሬ እናቴ ያለ ስጋት ቤቷ ውስጥ ትራመዳለች፤ የምትደናቀፍበት ጆንያ የለም። እኔ አልጋ ላይ እተኛለሁ። ልጄ የእናቷን የሠርግ ፎቶ አግኝታ ግድግዳ ላይ ሰቅላዋለች። በየአገሩ የተበተኑ የወንድሞቼ ልጆች የአያታቸውን ድምፅ በስልካቸው ይሰማሉ፤ ‹እኛ ከማን ነን?› ሲሉ መልስ አላቸው። የሌላ ሰው የነበረው ለባለቤቱ ሄዷል። ዝናብ ቢገባ፣ እሳት ቢነሳ ሌላ ግልባጭ አለ። ይህ ሁሉ የሆነው ምን ስላደረግን ነው? ስለጠየቅን! የወንድሜን ድምፅ ግን ማንም አይመልስልኝም። አይጥ በላው እል ነበር። ያስበላሁት እኔ ነኝ። ‹ኋላ እንለየዋለን› የምትሉ፣ ኋላ የሚባለው ነገር የት ነው ያለው? ንገሩኛ!»

ይህን ብለው ወደ መቀመጫቸው ተመለሱ።

ከአምልኮው በኋላ ወትሮ ሰው ሁሉ ግቢ ውስጥ ሻይ ይዞ ይጫወታል። ያን እሑድ ግን ጥቂት የማይባሉ ሰዎች በየጥጉ ስልክ ጆሯቸው ላይ አድርገው ቆመው አየሁ። አንዱ ወደ አሰላ፣ አንዷ ወደ ሐዋሳ ይጮኻሉ። «እማዬ፣ ሳሎን ያለው ፎቶ ላይ፣ አዎ፣ በስተግራ ያለው፣ ስሙ ማነው?» ይላል አንድ ጎልማሳ፤ የሚጽፍበት ወረቀት ፍለጋ ኪሱን እየዳበሰ። አንዲት እናት ግን ስልኳን አውጥታ ይዛ ቆየችና መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። የምትደውልለት አልነበራትም።

የምትደውሉለት ያላችሁ፣ ዛሬ ደውሉ።